በክርስትና ስሟ የጻፍኩት

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ጋሽ ታደሰ ጮክ ብለው አነበቡት። አሥራ ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት፣ ጮክ ብለው!

ጽዋ ከነበረበት ከእትዬ ብዙነሽ ቤት ወጥቼ ቀጥታ ወደ ቤቴ መጣሁ፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ዛሬውኑ ልጻፈው። ካደረ ለራሴ አሳምሬ እንደምተርከው አውቃለሁ።

የማርያም ጽዋችን ሃያ አንድ ነው፤ በዚህ ወር ዓርብ ስለዋለ ወደ ዛሬ አዞርነው። የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። የታመመ ወይም የተጨነቀ ሰው ካለ የክርስትና ስሙን በወረቀት እጽፍና ለአባ ገብረ ኪዳን እሰጣለሁ። አባ ስሙን ብቻ ይጠራሉ፣ እኛ «እግዚኦ» እንላለን። ከስሙ አጠገብ ያለውን ጉዳይ በዓይናቸው አይተው ያልፉታል። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያደረግነው።

ዛሬ አባ መነጽራቸውን ረስተው መጡ። ወረቀቱን ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለሰብሳቢያችን ለጋሽ ታደሰ ሰጧቸው። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ የተጻፈ ነገር ከነነጥቡ ካላነበቡ የሰረቁ ይመስላቸዋል። «ኃይለ ሚካኤል፣ ኩላሊቱን። ወለተ ጻድቅ፣ ልጇ ፈተና አለበት። አጸደ ማርያም፣ ልጅ አጥታ ጠንቋይ ቤት የተመላለሰችውን፣ ክታብ በወገቧ ያሰረችውን፣ አምላክ ይቅር ብሎ ወደ ቤቱ እንዲመልሳት።»

«እግዚኦ» የሚል ጠፋ።

አጸደ ማርያም ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም ብዬ ነው የጻፍኩት። የሰው የክርስትና ስም ማን ያውቃል? ያጠመቀው ቄስ፣ እናት፣ ክርስትና ያነሳችው ሴት። እኔም ያወቅኩት ራሷ ነግራኝ ነው። እናቷ አርፈዋል። የክርስትና እናቷ እትዬ አስካለ ደግሞ ሰፈራቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ከጽዋ ቀርተው ነበር፤ ስድስት ወር ይሆናል። ዛሬ ግን ሦስት ታክሲ ቀያይረው መጡ።

«አጸደ ማርያም?» አሉ። «እኔ ክርስትና ያነሳኋት? ሂሩቴ?»

ሁሉም ወደ ጓዳው በር ዞረ። ሂሩት ዳቦ የተቆረሰበትን ሰፌድ ይዛ እዚያ ቆማለች። ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን አነሳች። ሌላ ማንንም አላየችም፣ እኔን ብቻ አየችኝና ወጣች።

እኔስ ምን አደረግኩ? ተከትዬ ወጣሁ? አልወጣሁም። ተቀመጥኩ። ጽዋው ሲደርሰኝ ተቀብዬ ጠጣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሱቅ ከፈትኩ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጀምሮ እስከ ሱቄ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ነው የሄድኩት፤ ሰላምታ የሰጠኝን ሰው ሁሉ «ሰምቶ ይሆን?» እያልኩ። ክርና ቁልፍ የምትሸጥ ሴት ወሬ ማን ይሰማላታል? ብቻ ኅሊና ሲቆሽሽ ድንጋዩም የሚያወራ ይመስላል።

ለሂሩት ስድስት ጊዜ ደወልኩ፣ አታነሳም። መልእክት ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ደግሞ ጻፍኩ። በመጨረሻ የላክሁት «ሂሩቴ ይቅር በይኝ፣ ክፉ አስቤ አይደለም» የሚል ነው። ከላክሁት በኋላ ሳነበው ራሴው አፈርኩ። ክፉ አስቤ አይደለም! ማን ጠየቀኝ?

እንዴት እንደነገረችኝ ልጻፍ። ከነገረችኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ከምትሠራበት ኬክ ቤት ወጥታ ሱቄ መጣች፣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ የክር ማጠንጠኛ አንስታ እያገላበጠች ማውራት ጀመረች። በተክሊል ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሐኪም ሁለታችሁም ደህና ናችሁ ይላል፣ ልጅ ግን የለም። ጸበል ተጠመቀች፣ ተሳለች፣ ደከማት። ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ «አዋቂ» ቤት ወሰደቻት። ሦስት ጊዜ ሄዳለች፣ ገብስማ ዶሮም ይዛ። ባሏ ዮናስ አያውቅም።

«ከዚያ ወዲህ ቅጥሩ ውስጥ መግባት አቃተኝ» አለችኝ። «በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ ይለኛል። ከውጭ ሆኜ እሳለማለሁ። ክታቡን ጥዬዋለሁ፣ እሱ ግን የጣለኝ አልመሰለኝም። ጽግዬ፣ እግዜር ጠልቶኝ ይሆን?»

እኔ «በስመ አብ!» ብዬ አማተብኩ፣ አንዴም አይደል ሦስት ጊዜ። ከዚያ አይዞሽ አልኳት፤ አባ ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ እኔ እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ በዛብኝ አልኩ። በሁለተኛው ጉንፋን ያዘኝ አልኩ። በሦስተኛው በመውሰድ ፈንታ ጻፍኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሰብለ ሱቅ መጣች፤ የማኅበራችን ሰው ናት። ዚፕ ፈልጌ ነው አለች። ጥቁር ይሁን ነጭ አልወሰነችም፣ ርዝመቱንም አታውቀውም። ዚፑን እያሻሸች «እውነት ነው እንዴ? ለመሆኑ የት ነው ሰውየው ያለው? ምን አዘዛት?» ትለኛለች። «አላውቅም» አልኳት። «አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል?» አለችና ዚፑን ሳትገዛ ሄደች።

ያ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል። ድሮ ቢሉኝ ደስ የሚለኝ ነገር ነበር።

ከሰዓት እትዬ አስካለ ደወሉ። ቁጣ ስጠብቅ መጀመሪያ ለቅሶ ነው የሰማሁት። «በሰማንያ ቀኗ የታቀፍኳት እኔ ነኝ፤ ሃይማኖቷን አስተምራለሁ ብዬ ቃል የገባሁት እኔ። አንድ ቀን እንዴት ነሽ ብዬ ሳልጠይቃት ልጄ እንዲህ ተንከራትታ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አንቺ ግን፣ የክርስትና ስም ገመና መሸፈኛ ነጠላ መሰለሽ? ሸፍነሽ ገላለጥሻት እኮ።»

«አጥፍቻለሁ እትዬ፣ እርስዎ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም» አልኳቸው።

«እኔ ባልመጣ ልክ ነበር ማለትሽ ነው?» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ትናንት ዋሸሁ። እትዬ አስካለንም፣ ይህን ደብተርም።

እትዬ አስካለ እሁድ ሲገቡ ወረቀቱ ገና በእጄ ነበር። ሳያቸው ትዝ አለኝ፤ «ውይ፣ እሳቸው ስሟን ያውቁታል» ብዬ አሰብኩ። አንዲት ቅጽበት ናት፣ ግን አስቤያለሁ። ስቀድደው ሰው ያየኛል፣ ምንድን ነው ይሉኛል፣ ደግሞም አባ ስሙን ብቻ ነው የሚጠሩት ብዬ ሰጠሁ።

ሌላም አለ። የሌላው ሰው ጉዳይ ሁለት ሦስት ቃል ነበር፣ የሷ ሁለት መስመር ሙሉ። ለምን አስረዘምኩት? እግዜር ዝርዝር ሳይነገረው አይሰማም? አይደለም። አባ አንብበው ቀና ብለው እንዲያዩኝ ፈልጌ ነው። «ጽጌ የሰው ሸክም የሚራገፍባት ሴት ናት» እንዲሉኝ። ይኸው ጻፍኩት። እንዴት ያለሁ ጉደኛ ነኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ኬክ ቤቷ ሄድኩ። ሂሩት ባንኮኒው ጀርባ ናት፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ። ቆሜ ቆሜ ተራዬ ደረሰ።

«ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። እንደማንኛውም ደንበኛ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «ማኪያቶ» አልኩ።

አየችኝ። «ረቡዕ ነው» አለች።

የጾም ቀን መሆኑን ረስቼ ወተት አዘዝኩ! ያስታወሰችኝም እሷ ናት፣ ጠንቋይ ቤት ሄደች ብዬ በማኅበር ፊት ያስነበብኳት። ሻይ አመጣችልኝ። ስትሰጠኝ እጇ አልነካኝም። ቆሜ ጠጣሁት፣ ምላሴን ፈጀኝ፣ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ዛሬ መድኃኔ ዓለም ነው። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። የምሄድበት ፊት የለኝም።

ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ማኅበርተኛው ተመካክሮ ሦስት ሰው መርጧል፤ ቅዳሜ ጸበል ይዘው ሂሩት ቤት ሄደው ሊመክሯት። «አንቺም ነገሩን ስለምታውቂው አራተኛ ሁኚ» አሉኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። እሺ! አፌ ከኔ ጋር አልተማከረም።

ስልኩን ዘግቼ አሰብኩት። አራት ሰው ነጠላ አጣፍቶ በውቤ በረሃ ቅያስ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ይወጣል። ሂሩት ከዚያ ወዲያ ማኅበሩንም ቤተ ክርስቲያኑንም ዞራ አታይም። ከውጭ መሳለሙንም ትተወዋለች። እኔ ደግሞ መካሪ ሆኜ ከፊት ልቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ቡና ልትጠራኝ የመጣችው ጎረቤቴ ለምን እንደማላወራ ጠየቀችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት።

ልጻፈው።

እኔም ሄጃለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለቤቴ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ ነው። ሌላ ሰው ቤት፣ ሌላ አቅጣጫ፣ ግን ያው ነው። ሁለት ጊዜ ሄድኩ። የሰጠኝን ነገር ባለቤቴ በሚሠራበት በር ሥር ቀበርኩ፤ በጥፍሬ ነው የቆፈርኩት። ሰውየውም አልተመለሰ፣ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ለንስሐ አባቴ ቀርቤ አላውቅም። ነጠላዬን አጣፍቼ አስቀድሳለሁ፣ የማኅበር ስም እጽፋለሁ፣ ሰው ጸልዪልኝ ይለኛል። አባ በየጊዜው «ጽጌ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ይሉኛል፤ እኔ «ሥራ በዝቶ ነው አባቴ» እላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የሚበዛ የቁልፍ ሥራ!

ሂሩትን አባ ጋ ለምን እንዳልወሰድኳት አሁን ገባኝ። እሷን ይዤ ከገባሁ ቀጥሎ ተራው የኔ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። ሦስቴ ጠርቶ ሳያነሱ ዘጋሁት። ዳቦ ገዛሁ፣ የሱቄን ደጅ ጠረግኩ፣ የተጠረገውን እንደገና ጠረግኩ። ከዚያ እሳቸው መልሰው ደወሉ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ነገ እንዳይሄዱ። ማንም እንዳይሄድ» አልኩ።

«ለምን? ነፍስ እኮ ናት። ደግሞስ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ። ለዚያ ነው። የነገረችኝ ለኔ ብቻ ነበር፤ ጻፊልኝም አላለችኝም።»

እንግዲህ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «እኔስ ምን ሰው ነኝ?» አሉ። «ዓይኔ ቀድሞ አይቶት ነበር እኮ። ማቆም እችል ነበር። አፌ ዝም ብሎ ሄደ። ልጅቷ ሰፌዱን ስታስቀምጥ ከፊቴ አልጠፋ ብሎኛል።» ከዚያ ለሦስቱም ራሳቸው እንደሚነግሩ ቃል ገቡልኝ። ደግሞ ቆየት ብለው «ለካ ሁለታችንም ነን» አሉ።

ይህችን አንዲት ነገር ዛሬ ሠራሁ። ትንሽ ናት። ግን እሁድ ከጽዋው ወዲህ የበላሁት እህል የጣመኝ ዛሬ ነው፣ ያውም ሽሮ።

ነገ ወደ ሂሩት ብቻዬን እሄዳለሁ። የኔን እነግራታለሁ? አላውቅም። እዚህ ስጽፈው እንኳ መስኮት ዘግቼ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ነገርኳት።

በሩን የከፈተው ዮናስ ነው። አየኝ፣ «ግቢ» አለ፣ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። እንደማያውቅ ነበር የማስበው። ሂሩት ኋላ እንደነገረችኝ፣ እሁድ ከእትዬ ብዙነሽ ቤት እንደወጣች ሮጣ ሄዳ ራሷ ነገረችው፤ ሰው ሳይቀድማት። እሱ «ብቻሽን ነው የሄድሽው?» ብቻ አላት። ከዚያ ወዲህ እራት አብረው ይበላሉ፣ ወሬ ግን የላቸውም። ይህም በኔ ነው።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«እዚህ ጓዳ ውስጥ?» አለችኝ። «ስታዋርጂኝ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። ይቅርታው ለብቻችን ሆነ?»

ቁጭ በይም አላለችኝም። ቆሜ፣ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ነገርኳት። በሩን፣ የቀበርኩትን፣ ጥፍሬን። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ አልቆም አለኝ። አባን እንዴት እንደምሸሻቸው፣ እሷን ለምን እንዳልወሰድኳት፣ ወረቀቱ በእጄ እያለ እትዬ አስካለን አይቼ እንደሰጠሁት ሁሉ።

ስጨርስ እንደምትጮህብኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ያን ቀን ሱቅሽ ስነግርሽ አማተብሽ» አለች።

«አዎ።»

«ሦስት ጊዜ። ቆጥሬዋለሁ።»

«አዎ።»

«አንቺም ሄደሽ እያወቅሽ።»

«አዎ ሂሩቴ።»

«እኔ እኮ በዓለም ላይ እንዲህ ያደረግኩ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነው ከሱቅሽ የወጣሁት። ወረቀቱ አይደለም የገደለኝ። እሱ ያናድዳል። ያማተብሽው ነው። አንዲት ቃል፣ እኔም አንድ ጊዜ ብትይኝ ኖሮ…» አልጨረሰችውም፣ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ግን ልቅሶዬ ከሷ ጋር እኩል እንዳልሆነ ስለማውቅ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እዚህ ደብተር ላይ አለችኝ ብዬ እንዳልጽፍ። ቆይታ ቁጭ በይ አለችኝ። ከዚያ አባ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይገኛሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይገኛሉ አልኳት።

«እንግዲያው ነገ ትሄጃለሽ» አለች። «እኔ አደርስሻለሁ። ካልያዝኩሽ ደግሞ ጉንፋን ይይዝሻል።»

ከሳምንቱ ሁሉ የሳቅኩት ያኔ ነው። እሷ አልሳቀችም።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ቅዳሴው እስኪያልቅ ከውጭ ከሂሩት ጋር ቆምኩ። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው ልል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር መግባት የፈራሁት እኔ ነኝ። ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር ክንዴን ያዘች። መዳፏ ያልበዋል። በሩ ላይ ቆም አለች፣ አንድ ሁለት ሰው ገፍቶን አለፈ። እንመለስ ትለኛለች ብዬ ጓጓሁ፤ አዎ፣ እንድትለኝ ተመኘሁ።

«ላንቺ ብዬ ነው የምገባው» አለች። «ለራሴ አይደለም።» ገባን። እግሯ አልከለከላትም።

አባ ከዕቃ ቤቱ ጎን ካለችው ክፍላቸው ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳለምን። ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን። ስለ ባለፈው እሁድ ምንም አላነሱም፤ «ሁለታችሁም ናችሁ?» ብቻ አሉ።

«አይ አባቴ፣ እሷ ናት» አለች ሂሩት። «እኔ ላደርሳት ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ያደረገችውን እስክሞት አልረሳውም። አባ በሩ አጠገብ ያለውን አግዳሚ «እዚህ አረፍ በይ» ብለው አሳዩዋት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ቅጥሩን ተሻግራ ሄደች፤ ከዛፎቹ አልፋ፣ የአጥሩ ጥግ ድረስ። እዚያ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ምንም እንዳትሰማ።

ለአባ ያልኩትን እዚህ አልጽፍም፤ የተጻፈ ነገር ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። እሳቸው ካሉኝ አንዱን ብቻ ልጻፍ። «ይህን ሁሉ ዓመት የሰውን ስም ስትጽፊ፣ የራስሽን አንድ ቀን አልጻፍሽም?» አሉኝ። አልጻፍኩም። ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ ስግደት አለው፣ ዳዊት አለው፣ እሱ አይከብድም። የከበደኝ የመጨረሻው ነው። ለኅዳር ጽዮን፣ ማኅበሩ በተሰበሰበበት፣ ሂሩትን ይቅርታ ልጠይቅ፤ እሷ ከፈቀደች ብቻ፣ ጉዳዩን ዳግም ሳላነሳ። ሦስት ሳምንት አለ። ሰብለ እንዴት እንደምታየኝ ይታየኛል። ትፈቅድልኝ እንደሆነም ገና አልጠየቅኳትም።

ስወጣ ዓይኔ አብጧል፣ ነጠላዬ ረጥቧል። ሂሩት እዚያው አጥሩ ጥግ ናት። ስትመጣ አባን በሩቁ እጅ ነሳች፣ ወደሳቸው ግን አልሄደችም። ትሄድ ይሆን አይሆን አላውቅም። አልጠየቅኳትም፤ ይህንንም ለመጀመሪያ ጊዜ ቻልኩበት።

አብረን እስከ ድልድዩ ወረድን። ኬክ ቤታቸው ስለገባው አዲስ አስተናጋጅ አወራችኝ፤ ስኒ ይሰብራል አሉ። እያዳመጥኩ አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን ትጠይቀኛለች እላለሁ። ምን አልሽ፣ ምን አሉሽ፣ ተቆጡሽ? ሱቄ ደጅ ደረስን፣ ተሰነባበትን፣ ሄደች። አንዲት ነገር አልጠየቀችኝም።

እኔ ብሆን እጠይቃት ነበር።